ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የእረፍት ሰዓቱን ሁሉ እኔ የምሠራበት ላይብረሪ ማሳለፍ ጀመረ። ጎበዝ ነው፤ የክፍሉ ልጆች «ቀለሜ» ይሉታል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ጢቾ ከተማ ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቷል። የሚድ ፈተና ላይ «አላስኮርጅም» በማለቱ አኮረፉት። አልመቱትም፣ አልሰደቡትም። ማታ ድንቹን ቀቅለው ሳይጠሩት ይበላሉ፤ እሱ እናቱ የላከችለትን ጭኮ ሲያቀርብ «ጠግበናል» ይሉታል። ቅጣቱ ይኸው ነው።

አባቱ የወላጆች ስብሰባ ሲመጡ ልጃቸው ብቻውን እንደሚውል ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ስብሰባው ላይ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለው የማይቀረው ተረት ተተርቶ ነበርና፣ የእሳቸው ጊደር ለብቻዋ መዋሏ ትልቅ ዜና ሆነላቸው።

ይህ ተረት ሰልችቶኛል። በጠዋት ሰልፍ እንሰማዋለን፣ በሚኒ ሚዲያ እንሰማዋለን፣ «የአቻ ግፊት» የሚል ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር አህያዋ ትመጣለች። ጫት የሚቅም፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ክፍል የሚፎርፍ አንድ ባለጌ ይሳላል፤ ጨዋው ልጅ ከእሱ እንዲሸሽ ይመከራል። እንዲህ ያሉ ልጆች የሉም አልልም። ግን ጥቂት ናቸው፣ የግቢው ዘበኛም ያውቃቸዋል። እነሱን ለመሸሽ ሥልጠና አያስፈልግም።

ልጅን የሚሰብረው ግፊት የሚመጣው ከጥሩ ልጆች ነው። «አሳየኝ» የሚለው፣ ስታመም ደብተሩን የገለበጠልኝ፣ ቅዳሜ ከአገር ቤት ስንመለስ ዱቄቴን የተሸከመልኝ ልጅ ነው። እሱን በምን አፍ እምቢ ይሉታል? «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለን ያሳደግነውን ልጅ፣ ፈተና አዳራሽ ስናስገባው ብቻህን ብላ እንለዋለን። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቅ የነገረው ሰው የለም። (ሴቶቹ ላይ ሌላም ይደረባል። ከወንድሞቻቸው ወይም ከዘመድ ልጆች ጋር ከተከራዩ፣ ለፈተና ሲጠና የሚያመሸውም ሆነ የማያመሸው ወንድ እራቱን የሚጠብቀው ከእነሱ ነው።)

ይህን ግፊት የሚያሳይ መጽሐፍ ግን አለ። ከውጭ በእርዳታ በሚመጡ የመጻሕፍት ካርቶኖች ውስጥ አንዳንዴ ዕንቁ ይገኛል። አሜሪካዊው ሮበርት ኮርሚየር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የቸኮሌት ጦርነት» የሚባል የወጣቶች ልብ ወለድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። የወንዶች ካቶሊክ ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ እያንዳንዱ ተማሪ 50 ሳጥን ቸኮሌት እንዲሸጥ ያዛል፤ ጄሪ የሚባል አዲስ ገቢ «አልሸጥም» ይላል። የተማሪዎች ምስጢራዊ ቡድን ያሳድደዋል። እኔን የያዘኝ ግን ቡድኑ አይደለም። ከጀርባ ሆኖ ግፊቱ የሚጠቅመው መምህር ነው፤ ደግሞም ቲኬት ገዝቶ ልጁ ሲደበደብ ለማየት የተሰለፈው ያ ሁሉ ጨዋ ተማሪ ነው። ጄሪ ይሸነፋል። በዚህ የተነሳ በርካታ አሳታሚዎች መጨረሻውን ቀይር ብለው መልሰውበታል፤ ኮርሚየር አልቀየረም።

እኛም ጋ ትልልቆቹ ንጹሕ አይደለንም። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭቶ ተሰርዟል። የ2014ቱ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። የትምህርቱ ጥራት፣ የመምህር እጥረቱ፣ ብዙ ምክንያት አለው። ቢሆንም ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ ሲኮረጅ ያየን ፈታኞች ፊታችንን ያዞርነው የተማሪ ግፊት ስላስፈራን ብቻ አልነበረም። የሚያምር ውጤት እኛም እንፈልግ ነበር። አላስኮርጅም ያለው ልጅ የእኛንም ገበና ነው የነካው።

ይህን ከጥሩ ሰዎች የሚመጣ ግፊት በሥልጠና ማስተማር አይቻልም፤ ልብ ወለድ ይችላል። መደርደሪያዬ ላይ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» አለ፤ ዓለሙ ግን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አለ፤ እሱም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የወረደ ወጣት ነው። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ስንቃቸውን ከቤት እያመጡ የሚማሩትን የደጋ ልጆች የሚያሳይ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ የለም።

ስለዚህ በጢቾም፣ በበቆጂም፣ በአሰላም ረቂቅ በመሳቢያ ያስቀመጣችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ይህን ጻፉልን። ባለጌ ልጅ አትፈልጉለት፤ ሁሉንም ጥሩ ልጆች አድርጓቸው። መጨረሻ ላይም ያን ቀለሜ ሽልማት አታሸልሙት።