መሀል ከተማ ሲታደስ ማን ይቀርባል? ማን ይርቃል?

ስልካችን ላይ የሚመጡት የአዲስ አበባ ቪዲዮዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ማታ በመብራት ያሸበረቀ ሰፊ መንገድ ያሳያል፣ ሌላው ዶዘር ግድግዳ ሲያፈርስ። እዚህ ካኩማ ሻይ ቤት ቁጭ ስንል ግማሹ «ከተማው አማረ» ይላል፣ ግማሹ «ሰው ተፈናቀለ» ይላል። ክርክሩ አያልቅም።

እኔ ሁለቱም እውነት ነው ባይ ነኝ። አክስቴ ከሰላሳ ዓመት በላይ የኖረችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ዳር አገር ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ ወጣላት። ስደውልላት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ቤቱስ ጥሩ ነው። ውሃ አለው፣ ሽንት ቤቱም የራሴ ነው። ግን ከወረድኩ መውጣት፣ ከወጣሁ መውረድ አቃተኝ።» ጉልበቷን ያማታል፣ ሕንጻው ደግሞ ሊፍት የለውም። ዛሬ ይህን ጉዳይ እስኪ አብረን እንየው።

ቤቶቹ ለምን አረጁ?

የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ይህ የመጣው ከደርግ ጊዜ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው በጥቂት ብር መሀል ከተማ መኖር ቻለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ አይገኝም። ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ ብዙ ወጪ አያወጣበትም። የጭቃው ግድግዳ አዘመመ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንዱን ሽንት ቤት ብዙ ቤተሰብ ተጋራው። እሳት ቢነሳ መኪና የማይገባበት ሰፈር ብዙ ነው። ስለዚህ «ምንም መነካት አልነበረበትም» የሚል ሰው እዚያ ያልኖረ ነው።

የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው ያሉ ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ። «የኮሪደር ልማት» የሚባለው ይህ ነው፤ ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ መንገዱን ማስፋት፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር መሥራት፣ ዳር ዳሩን ማፍረስና እንደገና መገንባት። የመጀመሪያው ዙር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተረኛ ሆነች፤ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ወደሚባለው አዲስ መንደር ሄዱ። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሚያዝያ 2017 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሰዎች በግዳጅ እየተነሱ ነው ብሎ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ።

ማን ምን ያገኛል?

ዶዘሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚሰጠው ግን እንደ ወረቀቱ ይለያያል።

አንደኛ፣ ባለ ይዞታው። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ መሬቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰውየው ካሳ የሚያገኘው ለሠራው ቤትና ላለው ንብረት ነው፤ ምትክ ቦታም አለ። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ ባለ ይዞታውን ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ማወያየት ያስፈልጋል ይላል። ነገር ግን ቦታው በአስቸኳይ ከተፈለገ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም ይፈቅዳል። ቅሬታ ያለው ሰው የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል።

ሁለተኛ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ። ቤቱ የእሱ ስላልሆነ የቤት ካሳ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ምርጫ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መከራየት ነው። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ አለው። እንጀራ ሸጣ የምታድር እናት ከየት ታመጣዋለች?

ሦስተኛ፣ የግለሰብ ተከራይና ደባል። ጓዳ ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮው፣ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ። እነዚህ በስማቸው ምንም ወረቀት የላቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚደርሳቸው ነገር የለም። ከእኛ መሀል አዲስ አበባ የኖርን ብዙዎቻችን እንዲህ ነበር የኖርነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በስማችሁ ወይም በወላጅ ስም ቤት ካላችሁ፣ 30 ቀን እናንተ ካምፕ ሆናችሁ እንደ ዋዛ ያልፋል። የይዞታ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የኪራይ ውሉን ቤተሰብ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ግን «ውክልና ልስጥ» ብላችሁ ወደ ኤምባሲ ከመሮጣችሁ በፊት ካምፕ ውስጥ ያሉ የሕግ አማካሪዎችን ጠይቁ። ስደተኛ ወደ አገሩ ኤምባሲ መሄዱ በስደተኝነት ጉዳዩ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ተደራሽነት ማለት መንገዱ ብቻ ነው?

እውነቱን እንናገር። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ከድሮው በብዙ ይሻላል። ድሮ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የተሰበረ ንጣፍ፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ነበር። ዊልቸር ይቅርና ጤነኛ ሰውም ይሰናከል ነበር። አሁን ሰፊና ደልዳላ ነው።

ሕግም አለ። የሕንጻ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2002 አጽድቃለች።

ታዲያ አክስቴ ለምን ተቸገረች? ያማረው መንገድ ያለው ፒያሳ፣ እሷ ያለችው ሌላ ቦታ። እኔ ነገሩን በሦስት ርቀት እለካዋለሁ።

ከአልጋ እስከ ደጅ። ድሮ ቤቷ ምድር ላይ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አሁን አራት ፎቅ ደረጃ አለ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ያ ደረጃ የተቆለፈ በር ነው።

ከደጅ እስከ ጉዳይ። ጤና ጣቢያው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ነበር። አሁን ሁለት ታክሲ ይያዛል። የታክሲ ሂሳብ ከሌለ መድኃኒቱ ሳይወሰድ ይቀራል። ጉሊት የምትቸረችርም ደንበኞቿ ቀርተውባታል።

ከሰው እስከ ሰው። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ «ቡና ጠጡ» የሚለው ጎረቤት። እዚያው ሰፈር አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። መንገዱን በእግራቸው ቆጥረው ያውቁታል፣ ሲያልፉም ሁሉም «አባባ፣ በዚህ በኩል» ይላቸዋል። አዲሱ ቦታ ሲሄዱ ዓይን የሆኗቸው ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ይህ በካሳ ተመን ውስጥ የለም።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይጠይቅም። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከዕጣ ውጪ ምድር ቤት ይሰጣቸው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ይነሳ፤ ታክሲና ጤና ጣቢያ ሰው ከመግባቱ በፊት ይድረስ።

እኛንስ ምን አገባን?

ያገባናል። ካኩማ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካምፕ ነው፤ አሁን ግን ወደ ከተማነት እየተወሰደ ነው። የኬንያ መንግሥት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሺሪካ ዕቅድ ካምፖችን ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ማድረግ ይፈልጋል። ነገ መንገድ ይሰፋል፣ ገበያ ይስተካከላል ቢባል ካኩማ አንድ የሐበሻ ገበያ ያለው ሱቅ ማን ስም ላይ ነው? እኛ እንኳ ሱቅና ቤት የምንሸጠው በቃል ነው።

ባለፈው ተርም ተማሪዎቼን ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ እንዲስሉ አዘዝኳቸው። በክራንች የምትሄደው ልጅ የሳለችው መንገድ ከጎረቤቷ ልጅ ሥዕል በእጥፍ ይረዝማል። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ በአቋራጩ አሸዋ አለ። ክራንቹ ይሰምጣል» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሳስተምራት ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ «ምን ሊጠቅም» ብላችሁ አትቅሩ። ሄዳችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ ማን ይነሳል? ወረቀት የሌለው ሰው ምን ያገኛል? አዲሱ ቦታ ከውሃ፣ ከክሊኒክና ከትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል? በክራንች፣ በዊልቸር ወይም በበትር የሚሄድ ሰው ብቻውን ይደርሳል? መልሱንም በወረቀት ስጡን በሉ። አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎችም ይዛችሁ ሂዱ፤ የአሸዋውን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።