ልብ ቀድሞ ይመታል፤ ልጓሙ ዘግይቶ ይደርሳል

ሪያድ፦ መቀመጫውን ሪያድ ያደረገው የንጉሥ ፈይሰል ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1996 (1416 ዓመተ ሂጅራ) በሕክምና ዘርፍ የመረጠው ርእስ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እንክብካቤ ነበር። ሽልማቱን የተጋሩት ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራና ስዊድናዊው ቤንግት ሮበርትሰን ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሰርፋክታንት የተሰኘው ንጥረ ነገር ለሕክምና እንዲበቃ ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ናቸው። ሰርፋክታንት የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይዘጉ ይጠብቃል። ጊዜያቸው ሳይደርስ በተወለዱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ በበቂ መጠን ስለማይገኝ፣ ከዚያ ቀደም በርካታ ጨቅላዎች በተወለዱ በቀናት ውስጥ ትንፋሽ አጥሯቸው ይሞቱ ነበር።

የሳንባው ችግር መፍትሔ ሲያገኝና እነዚህ ሕፃናት በሕይወት መቆየት ሲጀምሩ፣ ሌላ ያልበሰለ ነገር ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ይኸውም ትንፋሽንና የልብን ምት የሚመራው ሥርዓተ ነርቭ ነው። ሰርፋክታንት በቱቦ ሊሰጥ ይችላል፤ የበሰለ ነርቭ ግን ከውጭ የሚሰጥ አይደለም።

በሪያድም ሆነ በሌሎች ከተሞች፣ ልጃቸው በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የተኛባቸው ወላጆች ይህን ጉዳይ በጆሯቸው ያውቁታል። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ድንገት ይቆማል፤ ወዲያው በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የልብ ምቱ ቁጥር ያሽቆለቁላል፤ ደወሉም ይጮኻል። ነርሷ እግሩን በጣቷ ነካ ነካ ስታደርገው ይነቃቃል፤ ትንፋሹም ምቱም ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ወላጅ የሚጠይቀው «የልጄ ልብ ታሟል ወይ?» ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አልታመመም» የሚል ነው። ልቡ ጤነኛ ነው፤ ገና ያልተስተካከለው ልጓሙ ነው።

ልብ ከነርቭ ይቀድማል

የሰው ልብ መምታት የሚጀምረው ከፅንሰት በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ከአንጎል ተነሥቶ ልብ ላይ የደረሰ ነርቭ የለም፤ ምቱን የሚፈጥሩት የልብ ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው። ከመጨረሻው የወር አበባ ተነሥቶ ሲቆጠር፣ በ6ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ በደቂቃ 110 አካባቢ የነበረው ምት በ9ኛው ሳምንት ወደ 170 ያሻቅባል። ከዚያም ቀስ በቀስ እየወረደ፣ በመውለጃው ወቅት ከ110 እስከ 160 ባለው መካከል ይሆናል።

ለዚህ መውረድ አንዱ ምክንያት የነርቮች መድረስ ነው። ልብን የሚመሩት የነርቭ ዘርፎች ሁለት ናቸው። ሳይምፓቴቲክ የሚባለው እንደ አለንጋ ምቱን ያፈጥናል። ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ደግሞ እንደ ልጓም ምቱን ይገታል፤ ዋናው መስመሩም ከአንጎል ግንድ እስከ ልብ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው። ቬገስ ሲነቃቃ ልብ እንደሚዘገይ እ.ኤ.አ. በ1845 ያሳዩት ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ኤርንስትና ኤድዋርድ ቬበር ናቸው። የአለንጋው ውጤት እስኪታይ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ልጓሙ ግን በአንዲት ምት ጊዜ ውስጥ ይሠራል።

ሁለቱ እኩል አይበስሉም። በፅንሱ ውስጥ አለንጋው ቀድሞ ያይላል። ልጓሙ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ይጠነክራል፤ ከውልደት በኋላም ዕድገቱ ይቀጥላል። የቬገስ ክሮች ማይሊን በተባለ ቅባታማ ሽፋን ሲለበጡ መልእክታቸው ይፈጥናል። ስለዚህ የበሰለ ሥርዓት ምልክቱ ልብ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ መምታቱ አይደለም፤ ከምት ወደ ምት በመጠኑ መለዋወጡ ነው። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ምቱ ፈጠን፣ ሲወጣ ዘግየት ይላል። አዋላጆችና ሐኪሞች በምጥ ጊዜ በፅንሱ የልብ ምት መስመር ላይ መለዋወጥን የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው።

በ28ኛው ሳምንት የተወለደ ሕፃን ወደ ዓለም የሚመጣው ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ነው። ልጓሙ ጨርሶ የለም ማለት ሳይሆን ገና አልተገራም። የአንጎል ግንዱ የመተንፈስን ትእዛዝ ሲያቋርጥ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቬገስም ልብን ድንገትና ሚዛን በጎደለው ኃይል ይገታል። በአብዛኞቹ ሕፃናት ይህ ሁኔታ ዕድሜያቸው ከእርግዝናው ተቆጥሮ 37 ሳምንት እስኪሆን ድረስ ይለቃል፤ እጅግ ቀድመው በተወለዱት ላይ ግን ሊዘገይ ይችላል።

ካፌይንና የእናት ደረት

እስከዚያው ድረስ የሐኪሞች ዋና መድኃኒት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን ነው። በመድኃኒትነት ተለክቶ ሲሰጥ የአንጎል ግንዱን የትንፋሽ ማዕከል ያነቃቃል። ከ500 እስከ 1250 ግራም በሚመዝኑ 2006 ሕፃናት ላይ በተለያዩ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ካፌይን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን ከ47 ወደ 36 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ግን በሐኪም እጅ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ቤት የተፈላ ቡና ለጨቅላ ፈጽሞ አይሰጥም።

ሁለተኛው ርዳታ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ ነው። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ መዲና ቦጎታ ተጀመረ። የእናት ገላ ሙቀት ይሰጣል፤ ጡት መጥባትን ያቀላል፤ የሕፃኑን የልብ ምትና ትንፋሽ ያረጋጋል። በአዲስ አበባ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር ከ2 ኪሎ ግራም በታች በሆኑ 123 ሕፃናት ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀደም ብለው ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን 38 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ጥናትም ወዲያው ማቀፍ ሞትን በአንድ አራተኛ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀጣዩ ዓመት እንክብካቤው ከውልደት በኋላ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ1000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። የመቆጣጠሪያ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ የእናት ደረት አለ። መሣሪያው በተሟላበት የሪያድ ሆስፒታልም ቢሆን የእናትን ደረት የሚተካ አልተገኘም፤ አባትም በተራው ሊያቅፍ ይችላል።

በሪያድ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጃቸው በጽኑ ሕክምና ክፍል ከተኛ፣ ገላ ለገላ ማቀፍ መቼ እንደሚፈቀድላቸው ሐኪሙን መጠየቅ ይገባቸዋል። ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ ሕፃኑ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ፤ የሲጋራም ሆነ የሺሻ ጭስ አይቅረበው። ትንፋሹ ከቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ቤት ውስጥ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ወዲያውኑ የድንገተኛ ሕክምና ርዳታ ይጠራ።