የሟቾች ቁጥር ከየት ይመጣል? የሰላምና ግጭት ጥናት የመረጃ ምንጮች ዳሰሳ

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ስንት ሰው እንደሞተ ለመጻፍ የተነሳ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ይጠብቀዋል። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ100,000 በላይ ሰዎች በውጊያ እንደሞቱ መዝግቧል። የአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ግን በ2023 መጀመሪያ ለጋዜጣ በሰጡት ቃል የሟቾች ቁጥር እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ መሟገት ከንቱ ድካም ነው። ኡፕሳላ የሚቆጥረው በተፋላሚዎች ውጊያ የሞተውን ነው፤ በረሃብና በመድኃኒት እጦት ያለቀው እዚያ ውስጥ የለም፤ ሆን ተብሎ የተገደለው ሲቪልም የሚሰፍረው በሌላ መዝገብ ነው። የኦባሳንጆ ደግሞ ጥቅል ግምት ነው።

ጦርነትን በቁጥር ማጥናት ከጀመሩት አንዱ እንግሊዛዊው የአየር ትንበያ ሊቅ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አምቡላንስ ይነዳ የነበረው ይህ ሰው ስለ ጠብና ግድያ ያሰባሰበው ስታቲስቲክስ በመጽሐፍ የወጣው ከሞተ በኋላ፣ በ1960 ነው። በ1963 ዴቪድ ሲንገር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፕሮጀክት ከ1816 ወዲህ ያሉትን ጦርነቶች ሲመዘግብ መስፈርቱን 1,000 የውጊያ ሟች አደረገ። ኡፕሳላ ወደ 25 አወረደው፤ በዓመት ከዚያ በታች የሞተበት ግጭት በዓመታዊ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛን ተመራማሪ የምታደናቅፍ አንዲት ነገር አለች። ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው፤ የእኛ 2014 ዓ.ም. ግን ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 ይዘልቃል። ስለዚህ ዓመታዊ ድምሩን አንስቶ ከኢትዮጵያ ጋዜጣ ዘገባ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። መፍትሔው በየቀኑ ወደተመዘገቡት ክስተቶች ወርዶ ራስ መደመር ነው።

ሌላው የግጭት መረጃ ቋት አክሌድ የአፍሪካን ክስተቶች ከ1997 ጀምሮ ይመዘግባል። ሰው ያልሞተበትን ሰላማዊ ሰልፍ እንኳ ስለሚያካትት የእሱን ድምር ከኡፕሳላ ጎን ማስቀመጥ አይገባም። ዘገባው የክልሉን ስም ብቻ ከጠቀሰ ደግሞ ነጥቡ በክልሉ ዋና ከተማ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ካርታውን ያየ ሰው ከተማዋ በደም የታጠበች ይመስለዋል። የቦታውን እርግጠኝነት ከ1 እስከ 3 የሚያሳየው ዓምድ ሳይታይ ካርታ አይሠራም።

ለጦር መሣሪያና ለወታደራዊ ወጪ በ1966 የተቋቋመው የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ አለ፤ የመሣሪያ ዝውውር አኃዙ ግን የተከፈለ ዶላር ሳይሆን የመሣሪያውን ወታደራዊ አቅም የሚለካ ነው። ለሰላም ስምምነቶች ሰነድ ከ1990 ወዲህ ያለውን የሚያሰባስበው የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ይጠቅማል። በ23 መለኪያዎች አገሮችን የሚደረድረው የዓለም ሰላም ማውጫ፣ በእኔ ግምት፣ ለጋዜጣ ርእስ እንጂ ለመመረቂያ ጽሑፍ መሠረት አይሆንም። «ከ100,000 ሰው ስንቱ» የሚል ስሌትም በኛ አገር በትንበያ ላይ የቆመ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ካርታ ላይ የሚመጣውን ጣጣ ባድመ ታሳያለች። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በሚያዝያ 2002 እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎችን ተመርኩዞ ሲወስን ባድመ የማን እንደሆነች በግልጽ ስላላስቀመጠ ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን አሉ። ለኤርትራ መሆኗ የተረጋገጠው ቆይቶ ነው። በ2006 ኮሚሽኑ መሬት ላይ ምልክት መትከል ስላልቻለ ድንበሩን በካርታ መጋጠሚያዎች አመለከተ። ስለዚህ የ2001፣ የ2003 እና የ2007 ካርታ አንድ አይደሉም፤ የትኛውን እንደተጠቀሙ መጻፍ ግድ ነው።

ቁጥሮቹም እንደዚያው ናቸው። ኡፕሳላ በየዓመቱ አዲስ እትም ሲያወጣ የቆየውንም ያርማል። ቁጥር ስትጠቅሱ መመሪያ ሰነዱን አንብቡ፤ የእትሙን ቁጥርም ከጎኑ ጻፉ።