የሕንፃ ተቆጣጣሪነት ሙያ፦ ምንነቱ፣ የመማሪያ መንገዱና የፎገራ ሜዳ ተሞክሮ

ቤት መሥራት አንድ ቤተሰብ በዕድሜ ዘመኑ ከሚያወጣቸው ወጪዎች መካከል በከፍተኛነቱ የሚጠቀስ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የገባበት መሠረት፣ ፌሮና ቧንቧ ለባለቤቱ የሚታየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አፈር፣ አርማታና ልስን ይሸፍኑታል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሥራውን አይቶ፣ ለክቶና መዝግቦ የሚያረጋግጥ ባለሙያ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶችና ቤት ለመሥራት የተዘጋጁ ዜጎች ስለ ሙያው በቂ ግንዛቤ እንዲያገኙ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

በአሜሪካና በካናዳ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት ቤቱን የሚፈትሽለት ባለሙያ በራሱ ወጪ ይቀጥራል። በአሜሪካ የቤት ፈታሾች ማኅበር የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በአገራችን ግን ቁጥጥሩ በዋነኛነት የሚከናወነው ቤቱ ተሠርቶ ሲሸጥ ሳይሆን በመሠራት ላይ እያለ ነው። ተቆጣጣሪው በከተማ አስተዳደር ውስጥ በመንግሥት ሠራተኛነት ወይም በአማካሪ ድርጅት ውስጥ ይሠራል።

የሥራው ሕጋዊ መሠረት የተጣለው በኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አዋጁ ሲወጣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ነበር። በምድብ “ሀ” ውስጥ ከሚካተቱት መካከል በሁለት ተሸካሚ መዋቅሮች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ይገኝበት ነበር። ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለው፣ በምድብ “ሐ” ያልተሸፈነ ሕንፃ በምድብ “ለ” ይመደብ ነበር። የሕዝብ መገልገያ፣ ተቋማትና ፋብሪካዎች እንዲሁም ከምድር ወለል በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች ደግሞ በምድብ “ሐ” ሥር ይወድቁ ነበር። ሕጎችና መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ተማሪው በሥራ ላይ ያለውን ሕግ አረጋግጦ የመጠቀም ልማድን ከመጀመሪያው ሊያዳብር ይገባል።

የፎገራ ሜዳ እንደ መማሪያ ክፍል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የወረታ ከተማና በአቅራቢያዋ ያለው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የፎገራ ሜዳ አካል ናቸው። ሜዳው በሩዝ ምርቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ይታወቃል። ለሩዝ ምቹ ያደረገው ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈርና ለጥ ያለ የመሬት አቀማመጥ ግን ለቤት ሠሪ ብርቱ ፈተና ነው።

በተለምዶ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፣ ይሰነጣጠቃል። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት ከአፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። ውጤቱም በብሎኬት ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚሄድ ወይም ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ነው። መፍትሔው ልስኑን ማደስ አይደለም። መሠረቱ የእርጥበቱ መለዋወጥ ከማይደርስበት ጥልቀት እንዲወርድ ወይም ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ በሚገባ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ እንዲተካ፣ የጣሪያውም ውሃ ከቤቱ ግርጌ እንዲርቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ማየት የሚቻለው ደግሞ ጉድጓዱ ክፍት ሳለ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ጎርፍ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በፎገራና በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ያደረሰው ጉዳት ለዚህ ማሳያ ነው። በመሆኑም በዚህ አካባቢ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ፕላን ከማየቱ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች “ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?” ብሎ መጠየቅና የወለሉን ከፍታ ከመልሱ ጋር ማነጻጸር ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው ትምህርት የሚገኘው ከጭቃ ቤቱ ነው። የሕንፃ አዋጁ በዋነኛነት ያተኮረው በከተሞች ላይ በመሆኑ አብዛኛው የገጠር ቤት ፈቃድና ቁጥጥር ሳይኖረው ይሠራል። ይሁንና የባሕር ዛፍ ቋሚ የሚበሰብሰውና ምስጥ የሚጀምረው በአፈሩ ወለል አካባቢ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ፣ ቋሚውን በዚያው ቦታ በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርጎ ጥንካሬውን መገመት ይችላል። ይህ ቀላል እውቀት ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ተማሪው ምን ይማራል?

የመጀመሪያው ትምህርት ደረጃን ጠብቆ ማየት ነው። ቁፋሮው ከመሞላቱ በፊት ጥልቀቱንና የአፈሩን ዓይነት ያያል። አርማታ ከመፍሰሱ በፊት የፌሮውን ብዛትና ውፍረት፣ የስታፋውን ርቀት፣ ፌሮው ከካሳፎርማው የሚርቅበትን ልክ ያረጋግጣል። አርማታ ሲፈስ ውሃ ያለ መጠን እንዳይጨመር ይከታተላል፤ ናሙና አስወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የሚደረገውን የጥንካሬ ፍተሻ ውጤት ይጠብቃል። ከልስን በፊት ደግሞ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመሮችን ያያል።

ሁለተኛው መለካት ነው። ቱንቢ፣ ውሃ ልክና ሜትር የዕለት ተዕለት መሣሪያዎቹ ናቸው። ስንጥቅ ሲያገኝ ወርዱን ይለካል፤ ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን ይጽፋል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ተመልሶ መስፋቱን ወይም መቆሙን ያረጋግጣል። የቆመ ስንጥቅና የሚሄድ ስንጥቅ አንድ ዓይነት ውሳኔ አያሰጡም።

ሦስተኛው መጻፍ ነው። “ግድግዳው ደካማ ነው” የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። “በሰሜኑ ግድግዳ ከመስኮቱ የታችኛው ቀኝ ጥግ ተነሥቶ እስከ መሠረቱ የሚወርድ፣ ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ ታይቷል” የሚል ግን ባለቤቱም፣ መሐንዲሱም፣ አስፈላጊ ሲሆን ፍርድ ቤቱም ሊመረምረው የሚችል ማስረጃ ነው።

የመማሪያ መንገዱ

ወደ ሙያው የሚያስገቡ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኮንስትራክሽን ዘርፍ በየደረጃው ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን ማለፍ ነው። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና፣ አርክቴክቸር ወይም የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ማጥናት ነው፤ ለወረታ አካባቢ ወጣቶች የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። በየትኛውም መንገድ የመጣ ተማሪ ግን ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር በግንባታ ቦታ መቆየት ይኖርበታል። ግንበኛ፣ አናጺ ወይም ፌሮ ሠራተኛ ሆኖ የጀመረ ሰው ስሕተት የሚደበቅበትን ቦታ በእጁ ስለሚያውቀው ይህ ልምድ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሀብት ሊታይ ይገባል።

የፊርማ ኃላፊነት

የሙያው ትልቁ ፈተና የቴክኒክ አይደለም። የአርማታው መኪና ቆሞ፣ ሠራተኛው ተሰልፎ፣ ባለቤቱ “ዛሬ ካልፈሰሰ እከስራለሁ” እያለ ተቆጣጣሪው “ስታፋው ተራርቋል፤ ይስተካከል” ማለት አለበት። ወይም ሥራው ከተሸፈነ በኋላ ተጠርቶ “ፈርምልን” ሲባል “ያላየሁትን አልፈርምም” ብሎ መመለስ ይኖርበታል። ተቆጣጣሪ ራሱ በነደፈው ወይም በገነባው ሥራ ላይ ቁጥጥር አያደርግም፤ ከሚቆጣጠረው ሰውም ጥቅም አይቀበልም። በአንድ ፊርማ የተረፈ የአንድ ቀን ወጪ ከዓመታት በኋላ የአንድን ቤተሰብ ሙሉ ጥሪት፣ አልፎም ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

ቤት የሚሠሩ ዜጎችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፈቃድ አውጥተው መጀመር፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከመሸፈኑ በፊት ተቆጣጣሪውን መጥራትና የተሰጣቸውን ሪፖርት በጽሑፍ ተቀብለው ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል። ሙያውን ለመማር የሚፈልጉ ወጣቶች በአቅራቢያቸው በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ስለ ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር መረጃ የሚሹ ደግሞ በሚኖሩበት ከተማ አስተዳደር በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።