ሰው መጦርና የመንግሥት ፈቃድ

በአሜሪካ አገር፤ በዋሽንግተን ስቴት፤ በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ ባሉ ሰፈሮች ከውጭ ሲያዩዋቸው ከጎረቤቶቻቸው የማይለዩ ብዙ ቤቶች አሉ። ደጃቸው ላይ መኪና ቆሞ፤ መስኮታቸው በመጋረጃ ተሸፍኖ ይታያል። በውስጣቸው ግን ያረጁ፤ የታመሙ ወይም ራሳቸውን መርዳት የተሳናቸው ሰዎች ይጦሩባቸዋል። ጧሪዎቹም ልጆቻቸው ሳይሆኑ ከመንግሥት ፈቃድ የተቀበሉ ባለቤቶችና በደመወዝ የሚሠሩ አስታማሚዎች ናቸው። የአገሩ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ቤት «አደልት ፋሚሊ ሆም» ይሉታል፤ በሌሎች ስቴቶች ደግሞ «አደልት ፎስተር ኬር» እየተባለ ይጠራል።

ነገሩ ለእኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በሲያትል አካባቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በእነዚህ ቤቶች በአስታማሚነት የሚሠሩ፤ ውለው አድረውም የራሳቸውን ቤት ከፍተው ፈቃድ ያወጡ ጥቂቶች አይደሉም። ልጅ ማለት ጧሪ ቀባሪ ነው ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ግን መጦር በፈቃድ የሚሠራ ሥራ መሆኑ ያስገርማል። «እናቴን ለመጦር ደግሞ የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል?» የሚልም አይጠፋም። ሕጉ ይህን ሰው አይነካውም። ፈቃድ የሚጠየቀው በሥጋም በጋብቻም የማይዛመዱትን ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎች በቤቱ ተቀብሎ የሚያሳድር፤ የሚመግብና የሚንከባከብ ሰው ነው።

እነዚህን ቤቶች የሚመለከተው የዋሽንግተን ሕግ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ የነዋሪዎቹ ቁጥር ከስድስት እንዳይበልጥ ተወስኖ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ሚሺጋንም በ1979 ባወጣችው ሕግ ስድስት ሰው ወይም ከዚያ በታች የሚኖርበትን ቤት «የቤተሰብ ቤት» ብላ ለብቻው መድባ፤ ባለፈቃዱ ራሱ በዚያው ቤት እንዲኖር ታስገድደዋለች። ቁጥሩ ትንሽ ነገር እንዳይመስል። ስድስት ሰው በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል፤ አስታማሚዋም የማን ሻይ ያለ ስኳር እንደሚቀዳ በቃልዋ ታውቃለች። ሃያ ሰው ሲሆን ግን ይህ ሁሉ በመዝገብ ላይ ካልተጻፈ አይታወቅም።

ፈቃድ ጠያቂው ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ወይም ተመጣጣኙን ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል። ለአስተዳዳሪዎች የተዘጋጀውን ከ48 ሰዓት የማያንስ ትምህርት ይከታተላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ባለፉት 60 ወራት ውስጥ ሰውን በእጁ እየረዳ 1,000 ሰዓት መሥራቱን ማስረዳት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 125 ቀን መሆኑ ነው። በእኔ አስተያየት ከደንቡ ሁሉ ብልኅ የሆነው ይኸኛው ነው፤ ቤት መግዛት የሚችል ሁሉ ሽማግሌ ማንሣትና ማጠብ ይችላል ማለት አይደለምና።

ቀጥሎ ስለ ቤቱ ያለው ደንብ ሲነበብ የቢሮ ሰው ጥቃቅን ፈጠራ ይመስላል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው መኝታ ክፍል ከ80 ካሬ ጫማ፤ ማለት ከሰባት ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ፤ ማነስ የለበትም። ነዋሪዎቹ የሚጠቀሙበት የቧንቧ ውሃ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት፤ በሴንቲግሬድ ከ49 ያህል፤ አይበልጥም። የሽማግሌ ቆዳ ስስ መሆኑን፤ ውሃው ሲያቃጥለውም እጁን ቶሎ መሳብ እንደማይችል ያሰበ ሰው ግን ቁጥሩን በከንቱ እንዳልጻፉት ይረዳል።

ከእነዚህ ሁሉ ጠንካራው የአምስት ደቂቃው ደንብ ነው። ቤቱ እሳት ቢነሣበት በውስጡ ያለው ሰው ሁሉ በአምስት ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ወደ ውጭ፤ ደኅና ወደ ሆነ ስፍራ መድረስ አለበት። ለዚህም በየሁለት ወሩ ልምምድ ይደረጋል። አንዱ ነዋሪ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፤ አንዷ ጆሮዋ የማይሰማ፤ አንዱ ደግሞ በመርሳት በሽታ የተያዘና ከወጣ በኋላ ወደ አልጋው የሚመለስ እንደ ሆነ አስቡት። በሌሊት ያለችው አስታማሚ አንዲት ብትሆንስ? ስለዚህ ባለቤቱ አዲስ ነዋሪ ከመቀበሉ በፊት ስለ ገቢው ብቻ ሳይሆን ስለ ደቂቃዋም ማሰብ ይኖርበታል።

ደንብ መጻፍ ቀላል ነው፤ በተዘጋ በር ኋላ መፈጸሙን ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። የስቴቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ መጥተው ያንኳኳሉ፤ በአብዛኛው ቢዘገይ በ18 ወር አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ሆኖም በ2010 የሲያትል ታይምስ ጋዜጣ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ችላ ስለ ተባሉና ስለ ተጎዱ አረጋውያን ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የስቴቱ ምክር ቤት ሕጉን አጠበቀው።

ተቆጣጣሪው የማያየውን የሚያየው ነዋሪው ነው፤ እሱ ግን ይፈራል። የሚያጎርሰውን፤ የሚያጥበውን፤ መድኃኒቱን ከተቆለፈ ሣጥን አውጥቶ የሚሰጠውን ሰው እንዴት ይክሰስ? «ባጎረሱኝ እጃቸውን ነከሰ» እንዳይባል ዝም ይላል፤ ደግሞም ከቤቱ ቢያስወጡኝስ ብሎ ይሠጋል። ስለዚህ ሕጉ አቤቱታ ያቀረበውን ነዋሪ መበቀልን ከልክሏል፤ ነዋሪን ማስወጣት የሚቻልበትንም ምክንያት ወስኖ፤ በደንቡ የሰላሳ ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ እንዲሰጠው አዟል። የአረጋውያንን አቤቱታ የሚሰማ፤ ከቤቱ ባለቤት ጋር ጥቅም የሌለው «ኦምቡድስማን» የሚባል ጠበቂም አለ። ወደ ፊት ደንብ የምታረቁ ወጣቶች ይህችን ክፍል ሁለት ጊዜ ብታነቡ አይከፋም።

በ2020 የስቴቱ ምክር ቤት አንዳንድ ቤቶች እስከ ስምንት ሰው እንዲቀበሉ ፈቀደ። አልጋ ፈላጊው ብዙ፤ ወጪውም ከባድ ስለሆነ የባለቤቶቹ ልመና የሚገባ ነው። ለእኔ ግን የገበታው ነገር አሁንም ያሳስበኛል። ሆኖም ፈቃዱ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም፤ ቤቱ የመጀመሪያ ፈቃዱን ካገኘ ቢያንስ 24 ወር ያለፈው መሆን አለበት። ሁለት አልጋ ተጨመረ፤ አምስቱ ደቂቃ ግን ያው አምስት ናት።