የቤት ስካነር ዕድሜው ስንት ነው?

በአንኮበር አካባቢ ባሉ ቤቶች በሣጥን ተቆልፈው የሚኖሩ ወረቀቶች አሉ፤ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ስምምነት፣ የጋብቻ ውል፣ የቆየ ደብዳቤ። ጭጋግ የሚያዘወትረው ደጋ ለወረቀት አይመችምና ሰነዳቸውን በስካነር አንሥተው ለማቆየት የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው «መሣሪያው ስንት ዓመት ያገለግላል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ በአንድ ቁጥር አይገለጽም፤ እያንዳንዱ የመሣሪያው ክፍል የሚያረጀው በየራሱ ምክንያት ነው።

በመብራቱ እንጀምር። ስካነር ወረቀቱን በቀጭን የብርሃን መስመር እየቃኘ የሚመለሰውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። የቀድሞዎቹ የሚጠቀሙበት የፍሎረሰንት መብራት በአገልግሎት ብዛት ይደበዝዛል፤ ቀለምም ያዛባል። የአሁኖቹ አብዛኞቹ በኤልኢዲ ስለሚሠሩ ይህ ችግር በቤት ውስጥ እምብዛም አያሳስብም።

ወረቀት በራሳቸው የሚስቡ ስካነሮች የጎማ መሽከርከሪያ አላቸው። ጎማው በወረቀት ብናኝና በመፋተግ ሲለሰልስ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ወረቀት ይንሸራተታል ወይም ሁለት ቅጠል አብሮ ይገባል። ይህ ግን የስካነሩ ሞት አይደለም፤ ጎማው ይጸዳል፣ ካልሆነም ይለወጣል። ጠፍጣፋ መስታወት ያለው ስካነር ይህ ጎማ ስለሌለው በዚህ ረገድ ይሻላል።

በኃይል ማቅረቢያው ውስጥ ያለው ካፓሲተር ዋና ጠላቱ ሙቀት ነው። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የሚሠራ ካፓሲተር በ55 ዲግሪ 64,000፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 128,000 ሰዓት ይቆያል፤ ይህም 7 እና 14 ዓመት ያህል ያለማቋረጥ መሥራት ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ከሶኬት መንቀል ዕድሜ ያራዝማል። በደጋ ደግሞ ቀዝቃዛ መሣሪያ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ደርቆ ሳይሞቅ ማብራት አይገባም።

ብዙውን ጊዜ ግን ቀድሞ የሚያረጀው ሶፍትዌሩ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር የቆየውን ስካነር ድራይቨር አይቀበልም፤ ደኅና መሣሪያም ከሥራ ውጭ ይሆናል።

እንግዲህ ከስካነሩ ይልቅ የምስሉን ዕድሜ ማሰብ ይበጃል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንኮበርና በሌሎች የሸዋ አካባቢዎች የሚገኙ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር። የዚያን ጊዜ ካሜራዎች ይሥሩ አይሥሩ ዛሬ የሚጠይቅ የለም፤ ፊልሞቹ ግን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተጠብቀው ለተመራማሪዎች ያገለግላሉ። እኛም ሰነዶቻችንን ስካነሩ በሚሠራበት ጊዜ አንሥተን፣ እንደ ቲፍ ባለ በሰፊው በሚነበብ የፋይል ዓይነት፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ብናኖር መሣሪያው ቢሞት ሰነዱ አይሞትም። የተጠረዘ ብራና ግን በመስታወት ላይ መጫን አይገባም፤ ከበላዩ በካሜራ ይነሣ።