ስለ ርካሽ የሎጂክ ቺፖችና ስለ መሥሪያ ሶፍትዌራቸው

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ከአከፋፋዮች በሚደርሳቸው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. የሚባለውን ቺፕ ሳያዩ አይቀሩም። ገዢዎቹ የቴክኒክ ተማሪዎች፣ የመሣሪያ ጠጋኞችና ልዩ ልዩ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚሠሩ ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። ዕቃው ከሌላው ቺፕ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ብቻውን ምንም ሥራ የማይሠራ መሆኑ ነው። ይህን ሳይረዳ ዋጋውን ብቻ አይቶ ያዘዘ ነጋዴ፣ የውጭ ምንዛሪ የከፈለበት ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ ሳይነሣ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ቺፑን ከነመሥሪያ ሶፍትዌሩ መዝኖ ማየት የሚያስፈልግ ሆኖ አግኝተነዋል።

ተራው ቺፕ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ሥራው ተወስኗል። ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. ግን ያልተቆረጠ ጣቃ ጨርቅን ይመስላል። በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ የሎጂክ ሕዋሶች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸውም እንደ ፈቃድ የሚገናኙና የሚለያዩ መስመሮች አሉ። ባለሙያው የሚፈልገውን ሥራ ቬሪሎግ ወይም ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. በሚባል ቋንቋ ይጽፋል። ሶፍትዌሩም ጽሑፉን ተቀብሎ የትኛው ሕዋስ ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው መስመር ከየትኛው እንደሚገናኝ ይወስንና በቺፑ ላይ የሚጫን ፋይል ያወጣል። የፋይሉ አሠራር በየፋብሪካው የተለያየ ነው፤ አብዛኞቹ ፋብሪካዎችም ምሥጢር አድርገው ይጠብቁታል። እንግዲህ የአንዱን ጨርቅ የሌላው ልብስ ሰፊ አይቆርጠውም ማለት ነው።

ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ዛይሊንክስ በ1985 የመጀመሪያውን ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. ሲያወጣ በውስጡ የነበሩት የሎጂክ ክፍሎች 64 ብቻ ነበሩ። ዛይሊንክስ በ2022 ወደ ኤ.ኤም.ዲ. ተጠቃልሏል። ተወዳዳሪው አልቴራ በ2015 በኢንቴል ተገዝቶ ነበር፤ በ2025 ግን ኢንቴል ከድርሻው 51 በመቶውን ሲልቨር ሌክ ለተባለ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ሸጦ አልቴራ እንደገና ራሱን ችሏል። በርካሹ ገበያ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደሩት የአሜሪካው ላቲስና በ2014 የተቋቋመው የቻይናው ጎዊን ናቸው። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የዕቃው ስምና የሶፍትዌሩ መገኛ አድራሻም ስለሚለወጥ፣ አስመጪው በአሮጌ ካታሎግ ማዘዝ አይገባውም።

ነጋዴውን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ቺፑ እየተሸጠ ሶፍትዌሩ ሲያረጅ ነው። ስፓርታን-6 የተባለውን የዛይሊንክስ ቺፕ እንመልከት። የሚሠራው አይ.ኤስ.ኢ. በተባለ ሶፍትዌር ሲሆን የዚህ ሶፍትዌር የመጨረሻ እትም 14.7 የወጣው በ2013 ነው። ኩባንያው በምትኩ ቪቫዶ የተባለ አዲስ ሶፍትዌር አቅርቧል፤ ቪቫዶ ግን ስፓርታን-6ን አይቀበልም። ቺፑ ከዚያ በኋላም መሠራቱ አልተቋረጠም። ለዊንዶውስ 10 የተዘጋጀው የአይ.ኤስ.ኢ. እትም እንኳ አሮጌውን ሥርዓት በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር አድርጎ የሚያስነሣ ነው። በአልቴራም በኩል እንዲሁ ነው፤ ሳይክሎን 2 የተባለው ቺፕ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ በኢንተርኔት ገበያ በጥቂት ዶላር ሲሸጥ እናያለን፤ ነገር ግን ይህን ቺፕ የሚያውቀው የመጨረሻው የኳርተስ እትም በ2013 የወጣው 13.0 ነው። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ልምድ ያለው ባለሙያ ይጠቀምበታል። ትናንት ኮምፒዩተር የገዛ ተማሪ ግን ዕቃውን ይዞ ወደ ባለሱቁ መመለሱ አይቀርም።

አዲሶቹን ቺፖች በሚመለከት፣ ለትናንሾቹ የሚበቃ የሶፍትዌር እትም ፋብሪካዎቹ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ያለ ክፍያ ማለት ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። የቪቫዶ ሙሉ ጥቅል ወደ 100 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ትናንሾቹን ቺፖች ብቻ መርጦ የሚጭንም ቢሆን በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ማውረድ አለበት። ኢንተርኔት በመጠን እየተገዛ በሚሠራበት አገር ይህ ከሰሌዳው ዋጋ ጋር ሊወዳደር የሚችል ወጪ ነው። በተጨማሪም አውራጁ በአሜሪካ መንግሥት የወጪ ንግድ ቁጥጥር ደንብ ምክንያት ስሙንና አድራሻውን እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል። ሳይክሎን 10 ኤል.ፒ.ንና ማክስ 10ን የሚያሠራው የኳርተስ ነፃ እትም ከዚህ በጣም ይቀላል።

የላቲስ አይስ40 ጉዳይ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በ2015 ከፋብሪካው ውጭ ያሉ ባለሙያዎች የዚህን ቺፕ ፋይል አሠራር አንድ በአንድ መርምረው ገለጡት። ከዚያም ዮሲስ በተባለ ፕሮግራም፣ ኋላም ኔክስት ፒ.ኤን.አር. በተባለ ተጨማሪ፣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅና ሳይከፍል ቺፑን ለመሥራት ቻለ። ጠቅላላው የመሣሪያ ስብስብ ተጨምቆ ከ1 ጊጋባይት በታች ይወርዳል፤ በመጠነኛ ኮምፒዩተርም ይሠራል። ከዚህ ቤተሰብ ዩ.ፒ.5ኬ የተባለው 5,280 ሕዋሶችና 1 ሜጋቢት የሚሆን ሰፊ ማኅደረ ትውስታ አለው። በትምህርት ቤት አጠገብ ሱቅ ላለው ነጋዴ በእኛ አስተያየት ይህ የማያሳፍር ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው የራሱን ሶፍትዌር ቢተው እንኳ ዕቃው ሰፊ አያጣምና።

የጎዊን ቺፕ ያለበት ታንግ ናኖ 9ኬ የተባለ ሰሌዳ 8,640 ሕዋሶች ይዞ ከዩ.ፒ.5ኬ ሰሌዳዎች በብዙ ረክሶ ይገኛል። ፕሮግራሙን የሚጭነው ክፍል በሰሌዳው ላይ ስላለ ገዢው ተራ የዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ብቻ ያስፈልገዋል። የጎዊን የትምህርት እትም ሶፍትዌር ቀላልና ነፃ ነው፤ ሁሉንም ቺፖች ግን አይሸፍንም፤ ሙሉውን እትም የሚፈልግ ከኩባንያው ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ስለ ሕዋስ ቁጥር አንድ ነገር እናስታውስ። ሁሉም ፋብሪካ የሚሰፍረው በራሱ ቁና ነው። የኤ.ኤም.ዲ. ትንሹ ስፓርታን-7 6,000 ሕዋስ እንዳለው በካታሎግ ይጻፍለታል፤ በውስጡ ያሉት ትክክለኛ የሎጂክ ሠንጠረዦች ግን 3,752 ናቸው። ኩባንያው ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መግቢያ ስድስት ነው፣ የሌሎቹ አራት ነው በሚል ምክንያት ነው። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ ሁለት የዋጋ ዝርዝር ጎን ለጎን የሚያስተያይ ነጋዴን ግን ያሳስተዋል።

የቺፑ እግርም መታየት አለበት። ስፓርታን-7 የሚመጣው መገናኛዎቹ ከሆዱ ሥር እንደ ጥቃቅን ኳስ ሆነው ነው፤ በእጅ ብየዳ ለሚሠራ ጠጋኝ ይህ አይሸጥም። ዩ.ፒ.5ኬ ግን 48 መገናኛዎቹ በዙሪያው ያሉበት ሆኖ ስለሚገኝ የሠለጠነ እጅ ይበይደዋል። እንደዚሁም ስፓርታን-7ና ሳይክሎን 10 ኤል.ፒ. መብራት ሲጠፋ የተጫነባቸውን ፋይል ይረሳሉ፤ ስለዚህ በአጠገባቸው ፋይሉን የሚይዝ የፍላሽ ቺፕ ያስፈልጋል። ማክስ 10ና የታንግ ናኖ 9ኬ ቺፕ ይህን በውስጣቸው ይዘዋል። ቺፕ ብቻ የሚያስመጣ ነጋዴ የፍላሹን ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ ማግባት አለበት።

ሬኔሳስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2021 ፎርጅ ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. የሚባል ቤተሰብ ሲያስታውቅ በብዛት ለሚገዛ ሰው የአንዱ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እንደሚሆን ገልጾ ነበር። ሶፍትዌሩም ነፃ ነው። ሆኖም ይህ ዋጋ የፋብሪካ ትእዛዝ ዋጋ እንጂ የችርቻሮ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቺፕ የያዘውም 1,120 ሕዋስ ስለሆነ ለአነስተኛ ሥራ ብቻ ይሆናል።

የመጫኛ መሣሪያ በሰሌዳቸው ላይ የሌላቸው የአልቴራና የኤ.ኤም.ዲ. ሰሌዳዎች ለብቻው የሚሸጥ የፕሮግራም መጫኛ ይፈልጋሉ። በገበያ ላይ የፋብሪካው ዋናውም፣ ከዋናው እጅግ የረከሰ ቅጂውም አለ። ቅጂዎቹ ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፤ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር አልግባባ የሚሉ አሉ። ስለዚህ አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ሰሌዳና አንድ መጫኛ አስመጥቶ፣ ደንበኞቹ በሚጠቀሙበት ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ሶፍትዌሩን አስጭኖ ቢያስፈትን መልካም ነው። የሶፍትዌሩን ስምና የእትሙን ቁጥር በደረሰኙ ላይ መጻፍም በኋላ ከገዢው ጋር ክርክር እንዳይነሣ ይረዳል።